በቀይ ማህደር የታሰረው መልስ

በአንድ የስለላ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል፤ የሰነዶችን የምስጢር ደረጃ ሊመረምሩ ከኮሚቴ የተላኩት ወይዘሮ ስንዱና ለብዙ ዓመት የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ የሆኑት አቶ ምንውየለት፣ መሃላቸው አንድ ቀይ ማህደር ተቀምጦ።

ስንዱ፦ የግቢውን ሣር ለማጨድ የተጻፈውን ፈቃድ ሳይቀር «ጥብቅ ምስጢር» ብለውታል! እሺ፣ እሱስ ይሳቅበት። ይሄ ግን ምንድነው?

ምንውየለት፦ ቀይ ማህደር ውስጥ የገባ ሁሉ ማኅተም ይመታበታል፣ ወይዘሮ ስንዱ። አሠራሩ ነው።

ስንዱ፦ አንዲት እናት «ልጄን የት አደረሳችሁት?» ብለው የጻፉት ማመልከቻ እኮ ነው! የገዛ ጽሑፋቸው ለራሳቸው ምስጢር ሆነ?

ምንውየለት፦ መልሱ ምስጢር ከሆነ ማመልከቻውም አብሮት ይታሰራል።

ስንዱ፦ መልሱማ ይኸው! «ልጅዎ አቶ ይበልጣል በእስር ላይ እያለ ሕይወቱ አልፏል፤ ቀብሩም ተፈጽሟል።» አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ተቀምጦ!

ምንውየለት፦ ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።

ስንዱ፦ ይስማ! ሴትየዋ በሕይወት አሉ?

ምንውየለት፦ እማማ ጥሩወርቅ? አሉ እንጂ። ሐሙስ ሐሙስ በር ላይ ይመጣሉ።

ስንዱ፦ ማን ያነጋግራቸዋል?

ምንውየለት፦ እኔ ነኛ።

ስንዱ፦ ምን ይሏቸዋል?

ምንውየለት፦ «መልስ አልመጣም፣ እማማ» እላለሁ። ምን ልበል ታዲያ? መርቀውኝ ይሄዳሉ።

ስንዱ፦ ኧረ በሕግ አምላክ!

ምንውየለት፦ ኮሚቴያችሁ ማኅተሙን ያንሳዋ!

ስንዱ፦ የመታው ሰው «ማኅተሙ አይገባውም ነበር» ብሎ ካልፈረመ አንችልም። እንዲሁ እንደታሸገ ይቀራል። ፊርማው የማን ነው?

ምንውየለት፦ የእኔ።

ስንዱ፦ እንግዲያው ፈርመው ይገላገሉ።

ምንውየለት፦ ለጡረታ ሦስት ወር ነው የቀረኝ። እፈራለሁ፣ አልዋሽዎትም።

ስንዱ፦ ስህተት አያሳስርም። እያወቁ የደበቁ እንደሆነ ነው ፍርድ ቤት የሚያቆመው። ቅጹን እኔው ሞልቼዋለሁ፣ ይስሙ፦ «ሥራ በዝቶብኝ ሳላነብ የመታሁት ነው።» ማንም አይነካዎትም፤ እሳቸውም በመጪው ሐሙስ ቁርጣቸውን ያውቃሉ።

ምንውየለት፦ ባለፈው ሐሙስ ጋቢ ይዘውለት መጡ። «ብርድ አይችልም፣ አድርስልኝ» አሉኝ።

ስንዱ፦ ተቀበሏቸው?

ምንውየለት፦ ተቀበልኳቸው። እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

ስንዱ፦ አምላኬ! ይፈርሙ በቃ፣ አቶ ምንውየለት።

ምንውየለት፦ እስክሪብቶውን ያቀብሉኝ። ግን «ሳላነብ» የሚለውን እሰርዘዋለሁ። አንብቤው ነው የመታሁት።