ኖራ የመሰለው ነጭ

ጋሽ ኦባንግ፣ እዚያው ይቀመጡ፤ ዛሬ ማምለጫ የለም። እኔ ፈትሂያ፣ የማደንዘዣዋ፣ ስንቱን ሰው አስተኝቼ እርስዎን ግን አንድ ቀን እንኳ ዝም ማሰኘት አቅቶኛል። ዛሬ በሽኝትዎ ግን ተራዬ ነው።

ቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ሆነው የገቡ ቀን፣ ዶክተር ቾል ለተሰበረ ዳሌ የሚተከለውን የታይታኒየም ብረት አቀብሉኝ አለዎት። ማሸጊያውን ከፈቱ፣ አገላብጠው አዩትና "ይሄን ማነው ኖራ የቀባው?" ብለው በእርጥብ ፋሻ ይፈትጉት ጀመር!

"ኧረ ተው!" ብሎ ጮኸ ቾል። "ኖራ አይደለም፣ ሴራሚክ ነው! አጥንታችን ውስጥ ያለው ማዕድን ነው። አጥንቱ ዘመዴ ብሎ እንዲይዘው ነው የተቀባው!"

ደግነቱ ሌላ ብረት ነበረን። ከዚያ ወዲህማ የዚያ ነጭ ነገር ዘበኛ ሆኑ። ሊጎበኘን የመጣውን ፕሮፌሰር "አንተ፣ እጅህን አንሳ! መጀመሪያ የሚነካው አጥንቱ ነው" ያሉትን ማን ይረሳል? ማንጎ በደረሰ ቁጥር ከዛፍ የሚወድቀውን ሁሉ ሲቆጡማ፣ ሰውዬው ሕመሙን ረስቶ ይስቃል። ደግሞ አጥንቱ ብረቱን መያዙን ለማየት ኤክስሬዩን ወደ መስኮቱ አንስተው "ያዘ!" ሲሉ፣ ድምፅዎ ካርድ ክፍል ድረስ ይሰማል።

አሁን ቀልዱ ይብቃኝ። ጋሽ ኦባንግ፣ ሳይሄዱ ናፍቀውኛል። ትናንት ልብስ መቀየሪያው ጋ አረንጓዴ ነጠላ ጫማዎን አይቼ ቆሜ ቀረሁ። ነገ "ያዘ!" የሚል ማነው?

እናቴ ፋጢማ ዳሌዋ የተሰበረ ጊዜ የማደንዘዣውን መርፌ ሁለቴ አንስቼ ሁለቴ መልሼ አስቀመጥኩት። "አንቺ ልጅ፣ ውጪ። እናትሽ እናቴ ናት" አሉኝ። ይኸው ሱቋ ውስጥ ቆማ ትሸጣለች፤ ዛሬም ሰላምታ ልካለች። አላህ ይስጥልኝ።

አንድ ጊዜ መቀየር የነበረበት ብረት ነበር፣ ባልደረቦቼም ታስታውሳላችሁ። ቾል ሊያወጣው መዶሻውን ሲያነሳ፣ እርስዎ "ቀስ በል ዶክተር" አሉት። "አንዴ ከተያያዘ፣ አጥንቱን ይዞ ነው የሚወጣው።"

በሉ፣ የማንጎ ጭማቂያችሁን አንሱ! ለጋሽ ኦባንግ! አገርዎ አቦቦ በሰላም ይግቡ፤ አልዌሮ ወንዝ ዓሣውን አይንፈግዎ፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ ልጅ ልጆችዎ ይክበቡዎት።

ሲወጡ ግን፣ ጋሽዬ፣ ቀስ ይበሉ። እኛንም ይዘው ነው የሚወጡት።