የማይሞላው አሥር ቀን

በዚያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ባይነሣ ኖሮ ሁለቱ ሰዎች አይነጋገሩም ነበር። በየቀኑ ይተያያሉ፤ ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። አንደኛው የጀልባው ካፒቴን ናቸው፤ በከተማውና ማዶ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ መካከል በቀን አራት ጊዜ የሚመላለሱ፣ ውሃ ቀጠነ ብለው የሚቆጡ፣ ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሰው። ሁለተኛዋ የመጦሪያው ነርስ ናት፤ እንደ ሌሎቹ ሠራተኞች ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ታድራለች። እኔ ደግሞ ከከተማ በዚችው ጀልባ እየተመላለስኩ ከመጦሪያው አለፍ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ ወረርሽኙ ሲገባ የመሻገሪያ ኮሚቴው ጸሐፊ አደረጉኝ፤ እምቢ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝና ተቀበልኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ካፒቴኑ ናቸው።

ማዕበሉ ጀልባዋን ከማዶው ወደብ አላስነቅል ስላለ፣ ሦስታችንም በቆርቆሮዋ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ተራርቀን ተቀመጥን። ነርሷ የመድኃኒት ካርቶኖች ልትረከብ ወርዳ ነው ዝናቡ የያዛት። ካፒቴኑ እንደ ልማዳቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ መጦሪያው ወጥተው፣ የባለቤታቸው መስኮት ሥር ቆመው መመለሳቸው ነበር።

“መጋረጃው ዛሬም ተዘግቷል” አሉኝ ኮፍያቸውን እያራገፉ። “ፀሐይ ፊቷ ላይ እየመጣባት መሰለኝ። ወንበሯን ዞር የሚያደርግላት ሰው ይጥፋ?”

ነርሷ ከካርቶኖቹ ቀና አለች። “ካፒቴን፣ ዛሬ ፀሐይ የት አለና?”

ሽማግሌው ወደ ሰማዩ ቀና ብለው አዩ። ልጅቷም ከንፈሯን ነከሰች፤ የጀመረችውን ልተወው አልተወው እያለች እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ክትባቱን ወስደዋል አይደል?”

“ሁለቴ። ሦስተኛውንም ባለፈው ወር ተወግቻለሁ። ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው።”

“እማማም ወስደዋል፤ እኔው ነኝ የወጋኋቸው። ታዲያ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ በመስኮት የሚያዩዋቸው ለምንድን ነው?”

“ሕግ ነዋ ልጄ! ከከተማ የተሻገረ ሁሉ፣ ተከተበም አልተከተበም፣ አሥር ቀን ለይቶ ማቆያ ሳይቀመጥ አይገባም። መምህር ራሱ የጻፈው ነው፣ ጠይቂው።”

አንገቴን ደፋሁ። ሕጉ የወጣው ክትባት ከመምጣቱ በፊት ነው። ክትባቱ ሲመጣ “ተከተበም አልተከተበም” የምትለዋን ያስጨመሩኝ ካፒቴኑ ናቸው፤ እኔም አሳምሬ ጽፌያታለሁ።

“እርስዎ በየቀኑ ይሻገራሉ” አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “በተሻገሩ ቁጥር ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አሥሩ ቀን መቼ ሊሞላልዎ ነው?”

ተማሪዎቼን ደምሩ ቀንሱ እያልኩ ስጨቀጭቅ የምውል ሰውዬ፣ ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም ነበር። አፈርኩ። ካፒቴኑ ግን አልደነገጡም። ለካ ገና ሕጉ ሲጻፍ ጀምሮ ያውቁታል።

“ጀልባዋን ለመንዳት ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። አሥር ቀን ማቆያ ብቀመጥ ኦክስጅኑን ማን ያሻግርላችኋል? ዱቄቱንስ? አይሞላም፣ አውቃለሁ። ለሰው የከለከልኩትን ለራሴ ልፍቀድ?”

“ለራስዎ ብቻ ይፍቀዱ አላልኩም። ለተከተበ ሁሉ ይሁን ነው የምለው።”

“ስሚኝ ልጄ።” ካፒቴኑ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። “በመጀመሪያው ወር አንድ ሰው እናቴን ልይ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። መሻገር ተከልክሎ ነበር። አንጀቴን በላኝና አሻገርኩት። ትንሽ ያስለዋል፤ ብርድ ነው አለኝ፣ አመንኩት። በሽታው ገባና ከመጦሪያው ስድስት አረጋውያን ሞቱ። እናቱም አንዷ ናት። ስድስቱንም ሬሳ በዚህች ጀልባ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ አንዱን እንኳ የሚያሻግርልኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማልቀስ ለሚችል ሁሉ በር አልከፍትም። የእኔም አንጀት አይታመን።”

ይህን ታሪክ ከፊሉን ሰምቼ ነበር እንጂ ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። ግትር ናቸው እያልኩ ከጀርባ ሳማቸው የኖርኩት ሰው፣ ለካ ራሳቸውን እየቀጡ ኖሯል።

ነርሷ አልተቻኮለችም። “ያኔ ክትባት አልነበረም፤ ምርመራም አልነበረም። በእጅዎ የነበረው በር ብቻ ነው፤ መዝጋትዎ ልክ ነበር። እኔም ብሆን እዘጋው ነበር።”

“የተከተበም ይይዘዋል፣ ለሌላም ያስተላልፋል ብላችሁ የለም? ሬዲዮኑ ነግሮኛል።”

“እውነት ነው። ካርድ ያለው ሁሉ ደርሶ ይግባ ብልዎ ውሸታም ነኝ። ግን የተከተበ ሰው ጠንቶበት የመሞት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል፤ አረጋውያኑም ተከትበዋል። በዚያ ላይ የአፍንጫ ምርመራው ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጀው። ካርዱ አለ፣ ምርመራው አለ፣ ማስኩ አለ። አንዱ ቢያሳልፍ ሌላው ይይዛል። እኛ ግን ይህ ሁሉ እንደሌለ ቆጥረን እንደ መጀመሪያው ወር በር ዘግተን ተቀምጠናል።”

“ጥንቃቄ ሲበዛ ማን ተጎዳ?”

“ባለፈው ወር የሞቱትን ልብስ ሰፊዋን ያስታውሳሉ? ልጃቸው ሦስት ጊዜ የተከተበች ናት። ማቆያ ክፍል ሰባተኛ ቀኗ ላይ ነበረች። ከእናቷ አልጋ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። እናትየው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠሯት አደሩ፤ እኔ ነኝ ‘ትመጣለች፣ ትመጣለች’ እያልኩ የዋሸኋቸው። እሳቸውንስ በበሽታው ሞቱ ከምንላቸው ጋር ነው የምንቆጥራቸው?”

ያቺን ልጅ ወደ ከተማ የመለሷት ካፒቴኑ ናቸው፤ እኔም በዚያ ጉዞ ነበርኩ። መንገዱን ሁሉ ጀርባዋን ሰጥታቸው ነበር የሄደችው።

“መጋረጃውንም ልንገርዎ” አለች ነርሷ፤ አሁን ዓይኗ እንባ ሞልቷል። “ያስዘጉት እማማ ናቸው። መርሳቱ ብሶባቸዋል። ባለፈው ሐሙስ ‘ያ አፉን የሸፈነ ሰውዬ በየቀኑ ለምንድን ነው የሚያየኝ? ፈራሁ’ አሉኝ። ባለቤትዎ ናቸው ብላቸው አላመኑኝም። ማቆሚያ የሌለው ነገር ነው፣ ካፒቴን። ከስድስት ወር በፊት ድምፅዎን ቢሰሙ ያውቁዎት ነበር። ዛሬ እንጃ። ከሁለት ወር በኋላ ግን በእርግጠኝነት አያውቁዎትም።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ካርቶን እቆጥር ጀመር፤ የሰው ሐዘን ፊት ለፊት ሲመጣብኝ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል።

በመጨረሻ ቀና አሉ። “ሩብ ሰዓት አልሽ?”

“ሩብ ሰዓት።”

“ከተማው ውስጥ በሽተኛው ሲበዛስ?”

“ያን ጊዜ እንዘጋለን። ሲቀንስ እንከፍታለን። በየሳምንቱ ቁጥሩን እያየን።”

“ያልተከተበው?”

“እንደ ድሮው ይቆያል።”

“እናቱ ልትሞት የደረሰችበት ግን አይቆይም” አሉ ካፒቴኑ። “ለሱ ሙሉ የመከላከያ ልብስ ታለብሱታላችሁ፤ ተከተበም አልተከተበም ይገባል። ይህ ካልገባ አልፈርምም።”

ነርሷ ይህን አላሰበችውም ነበር። ማን አስተማሪ፣ ማን ተማሪ እንደሆነ ለጊዜው ተምታታብን።

ረቡዕ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከአባላቱ አንዱ “ትናንት ያገዱን እርስዎ፣ ዛሬ የሚከፍቱትም እርስዎ?” ብሎ ሲጠይቃቸው፣ “ያኔ የማላውቀውን ዛሬ አወቅሁ፤ አውቄ ዝም ብል ግን ያኔ ከሠራሁት ይብሳል” አሉ። እኔም ጻፍኩ፦ ክትባቱን የጨረሰ ሰው ወደብ ላይ ተመርምሮ ነጻ ከሆነ ማስኩን አድርጎ በዕለቱ ይገባል፤ ያመመው ካርድ ቢኖረውም ይመለሳል፤ በከተማው ሕመምተኛ ሲጨምር በሩ ለሁለት ሳምንት ይዘጋል፤ ሊሞት ለተቃረበ ሰው አንድ ዘመድ በምንም ምክንያት አይከለከልም።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ገቢ ካፒቴኑ ሆኑ። ነጻ ነዎት ሲባሉ የምርመራውን ወረቀት እንደ ትምህርት ቤት ውጤት ሁለቴ አነበቡት። እኔም ተመርምሬ ነበርና በሩ ላይ ቆምኩ። ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የውሃ ማሰሮ ያለበት ትንሽ ጠረጴዛ ነው። ባለቤታቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው ተበጥሯል።

ካፒቴኑ ጎናቸው ተንበርክከው እጃቸውን ያዙ። ሴትዮዋ አልሸሹም።

“እርስዎ ማን ነዎት?” አሉ በትሕትና።

ካፒቴኑ ስማቸውን ነገሯቸው። ባለቤታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስሙ ምንም አላስታወሳቸውም።

“ጀልባ ነጂ ነኝ” አሉ ካፒቴኑ።

“እንዴ! ባሌም ጀልባ ነጂ ነበር” አሉ ሴትዮዋ። “ደግ ሰው ነበር። መምጣት ትቷል።”

ነርሷ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም፤ ማፈሩንም ተውኩት። ካፒቴኑ ብቻ እጃቸውን ሳይለቁ “ይመጣል። መንገድ ተዘግቶበት ነው” አሉ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆኗል። ስልሳ ሦስት ዘመዶች ተሻግረው ወላጆቻቸውን አቅፈዋል። ካርድ የያዙ ሦስት ሰዎች ወደብ ላይ በሽታው ተገኝቶባቸው ተመልሰዋል፤ ምርመራው ባይኖር ኖሮ ሦስቱም ይገቡ ነበር። ክረምት ላይ የከተማው ቁጥር ሲያሻቅብ ዘጋን፤ ሲወርድ ከፈትን፤ ያጉረመረመም አልነበረም፣ በሩ ተመልሶ እንደሚከፈት ሁሉም ያውቃልና። ከግቢው በዚህ በሽታ የሞተ የለም። በዕድሜያቸው የሞቱት አራት ሰዎች ደግሞ ልጆቻቸው እጃቸውን ይዘዋቸው ነው የሞቱት። እንግዲህ ጥንቃቄና ነጻነት ጠላት ናቸው የሚለኝ ሰው ካለ፣ ይምጣና ወደቡ ላይ አንድ ቀን ይዋል።

ትናንት ስንመለስ ካፒቴኑን፣ እንዲህ በየቀኑ እየሄዱ አለመታወቁ አይከብድዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ዛሬ ልወጣ ስል እጄን አልለቅ አለችኝ” አሉ መሪውን እንደያዙ። “‘በየቀኑ መጥተው ስላጫወቱኝ እግዜር ይስጥልኝ። ባሌ ሲመጣ እነግርልዎታለሁ’ አለችኝ።”