በግዝት የተገኘ ድምፅ

አንባቢዬ፣ ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ። በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ በተደረገ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ወደማስተምርበት ቀበሌ ስመለስ ዳገቱ ላይ አቶ ጥሩሰውን አገኘኋቸው። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ምርጫውን አሸንፈው አዲስ አበባ ለመሄድ ይሰናዱ ነበር። ቀስቃሻቸው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

«ምነው መምህር፣ ፊትህ ጠቆረ? ያሸነፍነው እኮ አብረን ነው!» አሉና ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ሳቁ።

«አቶ ጥሩሰው፣ የጋሻዬን ሚስት አለሜን ጠይቀዋታል?»

«ወንድ ልጅ ወለደች አሉ። ምን ሆነች?»

«አርባ ቀኑ አልፏል፤ ልጁም ታሞ ጡት አልይዝ ብሏል። ክርስትና ይነሣ ሲሏት ‹እኔ የተገዘትኩ ነኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረግጥም› ብላ እምቢ አለች። የመረጠችው ሌላውን ዕጩ ነው።»

ሳቃቸው ቆመ። ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ከምርጫው በፊት በነበረው እሑድ፣ ሰንበቴው እየተጠጣ ሳለ ቄስ አረጋ መስቀላቸውን አውጥተው «ጥሩሰውን ያልመረጠ በሥላሴ ስም የተገዘተ ይሁን» ብለው ሕዝቡን ገዘቱት። ያስገዘቱት አቶ ጥሩሰው ናቸው። በስብሰባ ላይ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው የሚሉን ሰው! እኔስ ብሆን? ስለ ነፃ ምርጫ ስለፈልፍ የከረምኩ መምህር ተብዬ፣ የጠላ ዋንጫዬን ይዤ ዝም አልኩ።

«የገዘቱት ቄሱ ናቸው፤ እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ?»

«የለመኗቸው እርስዎ ነዎት። ሰምቶ ዝም ያለው እኔ ነኝ።»

«ልጄ፣ አንተ የከተማ ሰው ነህ። እዚህ አገር በግ ሲሰረቅ በግዝት ነው፣ ወሰን ሲገፋ በግዝት ነው። ሰው ካልፈራ ቃሉን አይጠብቅም። ያኛው ዕጩ ዘመዶቹን አሰልፎ ሲመጣብኝ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ኖሯል?»

«በግ ሲጠፋ የሰረቀ ሰው አለ፤ ግዝቱ እሱን ያወጣዋል። አለሜ ምን ሰረቀች? ድምፁ የራሷ ነበር። የሰው ገንዘብ የነካነው እርስዎና እኔ ነን።»

«ሌባ አልከኝ?»

«ራሴንም ጭምር ነው፣ አቶ ጥሩሰው።»

ተቆጡ። በቅሏቸውን ኮርኩረው ጥለውኝ ሄዱ፤ ጥቂት እልፍ ብለው ግን ቆሙ።

«ልጁ ክፉኛ ታሟል?»

«ሳይጠመቅ ቢሞትብኝስ እያለች ታለቅሳለች።»

ከበቅሏቸው ወረዱ። «የእኔም የበኩር ልጅ ሳይጠመቅ ነው የሞተ። እናቱ ውባንተ ሐዘኑ እስከ ዛሬ አልወጣላትም» አሉ። «ታዲያ ሕዝብ ፊት ቆሜ ምን ብዬ ልናገር? እንዴት አድርጌ እችለዋለሁ?»

«አብረን እንፈር» አልኳቸው።

በማግሥቱ ቅዳሴ ሳይገባ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አለሜ ልጇን ታቅፋ ከቅጥሩ ውጭ ቆማለች። አቶ ጥሩሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው «ያስገዘትኳችሁ እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ፤ ስለ ማርያም ይቅር በሉኝ» አሉ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ። ቄስ አረጋ መስቀላቸውን ይዘው «የእኔ ይብሳል። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይፍታችሁ! ግዝቱን ጥሶ ልቡ የፈራ መጥቶ መስቀል ይሳለም» አሉ።

ከሁሉ ቀድማ ከሴቶቹ መካከል የወጣችው ውባንተ ነበረች፤ የገዛ ሚስታቸው!

አቶ ጥሩሰው ክው አሉ። «አንቺም?»

«እኔም» አለች መስቀሉን ተሳልማ። «ያን ቀን ሲያስገዝቱን ልቤ ሸፈተ። እንዲሁ ቢጠይቁኝ ኖሮ ድምፄን ከእርስዎ ሌላ ለማን እሰጠው ነበር?»

አለሜም ገብታ መስቀሉን ተሳለመች። ልጁ የዚያኑ ዕለት ተጠመቀ፤ ጤና ጣቢያም ወስደነው ዳነ።

አቶ ጥሩሰው መሄጃቸው እስኪደርስ ድረስ ቤት ለቤት እየዞሩ «ሸንጎው ላይ ምን ልናገርላችሁ?» እያሉ ጠየቁ፤ እኔም እየተከተልኩ ጻፍኩ። ያስፈራሩትን ሕዝብ መስማት እንደማይቻል ያወቅሁት ያኔ ነው። በዘመቻው ወቅት ሁሉም «እሺ» ይለን ነበር፤ አሁን ግን አንዱ ምንጭ ይጎልብትልን አለ፣ ሌላው ለመንግሥት በርካሽ ስለሚሸጠው የእህል ኮታ አማረረ። አለሜም ልጇን እያጠባች፣ በድርቁ ዓመት ለሠፈራ የተወሰደ ወንድሟ በሕይወት እንዳለ እንዲያጣሩላት ለመነች።

«እህቴ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት።

«መቼ ጠየቁኝ?» አለቻቸው።