የጸበል መጠጫችን

እናቴ ዕቃ መጣል አትወድም። ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ ጥሎት የሄደውን ባዶ የምግብ ጣሳ ለቅማ ታመጣለች፣ አባቴ ጠርዙን ደብድቦ እጀታ ያበጅለታል፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ በአመድ እናሸዋለን። ከሁሉ ሸጋውን፣ ባለ ቀይ ጽሑፉን፣ ለጸበል መጠጫ ለየነው። አንድ ጧት ለጣሊያኖች ወጥ ቤት የነበሩት አያ ውቤ ሊጠይቁን መጡ። እናቴ በዚያው ጣሳ ጸበል ብትሰጣቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ምነው አያ?» አለቻቸው። «ይኼን ጣሳ ስከፍት አይደል የኖርኩት! የአሳማ ሥጋ ነበረበት እኮ!»

ጾሙን ሁሉ ጠጥተንበታል። እናቴ ጣሳውን በጨርቅ ጠቅልላ እያለቀሰች ወደ ንስሐ አባታችን ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። «አባ፣ ልጆቼን አረከስኳቸው! የት ልጣለው?» አለች። አባ ጣሳውን አገላብጠው አዩት፣ እሷንም አዩዋት። «ሳታውቂ ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ። የለፋችሁበትን አትጣይው፤ ኩራዝ አድርጊና በእመቤታችን ሥዕል ፊት ይንደድ። ንስሐውን እሱ ይግባ።»

ይኸው እስከ ዛሬ ይነድዳል። እናቴ ላምባ በጨመረችበት ቁጥር፣ «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» ትለዋለች።