የባዝራዋ ዱካ

በሆልሽታይን ዳርቻ ባሕሩ በሸሸበት ጠዋት፣ አዛውንቱ ገበሬ ሂንሪክ ባዝራቸውን በረዥም ገመድ ይዘው፣ ጠጠር የሞላ ቆርቆሮ እያንኳኩ በእርጥቡ አሸዋ ላይ ያዞሯት ነበር። ከፈረሰኞች ትምህርት ቤት ለዕረፍት የመጣችው የእህታቸው ልጅ ቪብከ በባሕሩ መከላከያ ግድብ ላይ ስታልፍ አየቻቸው።

«እንዴት አደሩ አጎቴ? አገሩን ቀሰቀሱት እኮ!»

«ተመስገን። አገሩስ ይነሣ፤ ይቺን ሰነፍ ማን ያነሣልኛል? በሚመጣው ወር በምዘናው ቀን በዘር መዝገቡ ዳኞች ፊት በሶምሶማ እርምጃዋን ካልዘረጋች ለዘር እናትነት አይመዘግቧትም። አያቴ ያቆዩት ዘር በእሷ ሊያበቃ ነው።»

ቆርቆሮውን አባታቸውም ያንኳኩ ነበር። የለመድነውን አጥብቀን ስንይዝ ታማኝነት ይመስለናል።

«ሰነፍ አይደለችም፤ ፈርታ ነው የምትጣደፈው። መፍጠንና መዘርጋት ይለያያሉ።»

«ኧረ ባክሽ! ፈረስ በልመና ሊሮጥ?»

«እኔን አይመኑኝ፤ አሸዋውን ይዩ።»

ሂንሪክ ጎንበስ አሉ። የኋላ ኮቴዋ የፊተኛው ካረፈበት ሳይደርስ ቀርቷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ሲያዩ ኖረው ዱካውን አላዩም ነበር።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ፣ አሁን ከልባቸው።

«መጀመሪያ ትረጋጋ። መታጠፊያው ላይ ዝግ ብላ የኋላ እግሯን ከሆዷ ሥር ታስገባ፤ ኃይሉ ከዚያ ነው። መንገዱ ቀጥ ሲል ዛቡን ለቀቅ አድርገን አንገቷን እናስረዝምላት። ጥቂት ረጅም እርምጃ ስትሰጠን አመስግነን ወደ ዝግታዋ እንመልሳት።»

«ጥቂት ብቻ?»

«እርስዎስ ንባብ ሲያስተምሩኝ መጽሐፉን በአንድ ቀን አስጨረሱኝ?»

«ምላስሽስ የእናትሽ ነው!» ብለው ሳቁ።

ቪብከ ኮርቻ ጭና ባዝራዋ ላይ ወጣች። ባዝራዋ ጥቂት ከዞረች በኋላ በአፍንጫዋ በረዥሙ ተነፈሰች፤ ጀርባዋ ላላ። ሂንሪክ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዱካውን እንደሚያነብ ሰው ተከተሉት።

«አለፈች! የኋላው የፊቱን አለፈ!»

«ቀስ ይበሉ አጎቴ፣ አሁን ደግሞ በጩኸት ሊያስደነብሯት ነው?»

ከዚያ በኋላ በየማለዳው በትዕግሥት ተለማመዱ። በምዘናው ቀን ሌሎቹ ገበሬዎች ቆርቆሯቸውን ሲያንኳኩ፣ የሂንሪክ ባዝራ ጆሮዋን ወደ ቪብከ መልሳ በጸጥታ ተዘረጋች፤ ለእናትነትም ተመዘገበች።

ሳይጣደፍ የሚማር ፈረስ እግሩ ከጉዳት ይጠበቃል፣ ጀርባው ይጠነክራል፣ ሰውንም ያምናል። ፈጣሪ በሰጠው ጉልበት ላይ እኛ የምንጨምርለት ትዕግሥት ብቻ ነው።

ሂንሪክ ጠጠሩን ደፍተው ቆርቆሮውን የአጃ መስፈሪያ አደረጉት። ያቺ ከድምፁ ትሸሽ የነበረች ባዝራ አሁን ሲንኳኳ ከሜዳው ማዶ እየተዘረጋች ወደ እሳቸው ትመጣለች።