ታክሲ መስኮት ላይ የሠራሁት ኢኩዌሽን

ስማኝማ፣ ልፈነዳ ነው! ዛሬ ኃይሌ ጋርመንት ሰፈር የማትስ ድጋሚ ፈተና ነበረኝ። ከላፍቶ ታክሲ ያዝኩ፤ ዝናብ ነው፣ መስኮቱ በትንፋሽ ደብዝዟል። በጣቴ ሁለት ኢኩዌሽን ጻፍኩበት። ከአንደኛው ዋይን አውጥቼ ስከተው፣ አስራ ሁለት እኩል ይሆናል አስራ ሁለት! ደግሜ ብሠራው ያው። መስኮቱን በቡጢ ልለው ስል አጠገቤ ያለችው ልጅ፣ «ወንድም፣ መስኮቱ ምን አደረገህ? ካወጣህበት እዛው መልሰህ እየከተትከው እኮ ነው። ሁለተኛው ውስጥ ክተተው» አለችኝ።

ከተትኩት፤ ኤክስም ዋይም ወጡ! ከዛ በቃ፣ ቁጥሮቹ መስታወቱ ላይ ቀስ እያሉ ሲፈሱ፣ የመኪና መብራት በውስጣቸው ሲያልፍ፣ ፈዝዤ ቀረሁ። ልጅቷ መቼ እንደወረደች እንኳን አላየሁም። ወያላው፣ «ጀለስ፣ ኃይሌ ጋርመንትን ካለፍን ቆየን፣ መጨረሻው ፉሪ ደርሰናል፣ አትወርድም እንዴ?» ሲለኝ ነቃሁ። ፈተናው ተጀምሯል! እስቲ ንገረኝ፣ አሁን በማን ልናደድ?