ጣሪያው በእንግሊዝኛ

በቀደም አንድ ሩሲያዊ የድንጋይ ባለሙያ ላሊበላ መጥቶ ለካህናቱና ለገበሬው ንግግር ሊያደርግ ተነሣ። ሩሲያ የተማርኩ በመሆኔ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። በአማርኛ ልጀምር ስል ስብሰባውን የጠራው ኃላፊ ክንዴን ያዘና፣ «በእንግሊዝኛ አድርገው እንጂ፤ ዓለም አቀፍ ስብሰባ እኮ ነው!» አለኝ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሰማ ካለ እግዜር ይወቀው።

ሩሲያዊው ስለ ውቅር ቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ሲናገር የእንግሊዝኛው ቃል ቸገረኝ፤ «ተሰንጥቋል» ልበል ወይስ «ሊናድ ነው»? ሰውየው ያለው የከፋውን ነውና የከፋውን መረጥኩ። ገና ተናግሬ ሳልጨርስ ኃላፊው ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ አዳራሹም ተከተለው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ለመሆኑ ምንድን ነው ያለው?» አለኝ በጆሮዬ።

«ጣሪያው ሊናድ ነው» አልኩት።

አሁንም የሚያጨበጭቡትን ቄሶች ገልመጥ አደረገና፣ «እንኳንም በእንግሊዝኛ አልከው!» አለኝ።